የኤቨርሊ ወንድማማቾች፦ ከቤተሰብ ሬዲዮ እስከ ዓለም መድረክ

ዶን እና ፊል ኤቨርሊ በሮክ ኤንድ ሮል የመጀመሪያ ዘመን ስማቸው የገነነ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው። የመጀመሪያው ተወዳጅ ዘፈናቸው በ1957 ሲወጣ ዶን 20፣ ፊል 18 ዓመቱ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት በአሜሪካም በእንግሊዝም ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር የሚሰሙት እነሱ ነበሩ። የእንግሊዙን ቡድን ቢትልስን ጨምሮ ከእነሱ በኋላ የመጡ ብዙ ዘፋኞች ድምፅ ማዋሃድን የተማሩት እነሱን እየሰሙ ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቃቸው እንደ ታዳጊ ኮከቦች ነው። እኔ ግን ታሪካቸውን መረዳት የሚቻለው ከዝናው በፊት ከነበረው ሥራ ሲጀመር ነው ብዬ አምናለሁ። እነዚህ ልጆች ዘፈን ለመዝፈን አልመረጡም። ዘፈን የቤቱ እንጀራ ነበር።

አባታቸው አይክ ኤቨርሊ በኬንታኪ ግዛት፣ ሙሌንበርግ በሚባል አካባቢ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር። ጊታር ሲጫወት በአውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር እየመታ፣ በሌሎቹ ጣቶቹ ዜማውን ያወጣ ነበር። ይህ ስልት በኋላ በመላው አሜሪካ የታወቀው በሌሎች ሰዎች እጅ ነው። አይክ ራሱ ታዋቂ ሆኖ አያውቅም። ዶን በ1937 እዚያው ብራውኒ በምትባል የከሰል መንደር ተወለደ። ቤተሰቡ ከከሰሉ ሥራ ለመውጣት ወደ ቺካጎ ሄደ፤ ፊል በ1939 የተወለደው በዚህች ከተማ ነው። አይክ ማታ ማታ በየመጠጥ ቤቱ እየተጫወተ ኖሮ፣ በመጨረሻ አዮዋ ውስጥ ሸናንዶዋ በምትባል ትንሽ ከተማ የሬዲዮ ሥራ አገኘ።

የኤቨርሊ ቤተሰብ ፕሮግራም የተጀመረው እዚህ ነው። አባት፣ እናት ማርጋሬትና ሁለቱ ልጆች በቀጥታ ስርጭት ይዘፍኑ ነበር። ልጆቹ «ሊትል ዶኒ» እና «ቤቢ ቦይ ፊል» ተብለው ይተዋወቁ ነበር። ስርጭቱ ማለዳ ስለነበር ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ዘፍነው፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በ1953 ቤተሰቡ ወደ ቴነሲ፣ ኖክስቪል ተዛወረ። ግን ጊዜው ተቀይሮ ነበር። ጣቢያዎቹ ዘፋኝ ቀጥረው ከማዘፈን ሸክላ ማጫወት እንደሚረክስ ገባቸው። የቤተሰቡ ሥራ ቆመ፤ ተስፋውም በሁለቱ ወንድማማቾች ላይ ወደቀ።

የአሜሪካ የአገር ቤት ሙዚቃ (ካንትሪ) ማዕከል ወደሆነችው ናሽቪል ሲሄዱ አንድ ትልቅ ወዳጅ ነበራቸው። ታዋቂው ጊታሪስት ቼት አትኪንስ የአይክን አጨዋወት የሚያደንቅ፣ የቤተሰቡ ወዳጅ ነበር። በእሱ አማካይነት ዶን የደረሰውን አንድ ዘፈን የካንትሪ ዘፋኟ ኪቲ ዌልስ በ1954 ዘፈነችው። በ1956 ኮሎምቢያ ኩባንያ አንድ ሸክላ አወጣላቸው፤ የሰማው ሰው ግን ጥቂት ነበር፤ ኩባንያውም ተዋቸው። ቀጥሎ የመጣው ዌስሊ ሮዝ ነው። ሮዝ «አከፍ-ሮዝ» የተባለው የዘፈን አሳታሚ ድርጅት ኃላፊ ነበር። ነገሩን በግልጽ አስቀመጠላቸው፦ ለድርጅቱ የዘፈን ደራሲነት ውል ከፈረሙ የሸክላ ኩባንያ ያገኝላቸዋል። ፈረሙ። ይህ ፊርማ ከአምስት ዓመት በኋላ ዞሮ ይመጣባቸዋል።

ሮዝ ያገናኛቸው ኬደንስ ከተባለ አነስተኛ ኩባንያ ጋር ነው። ለመጀመሪያው ቀረጻ የቀረበላቸው ዘፈን ባልና ሚስቱ ፌሊስና ቡድሎ ብራያንት የደረሱት «ባይ ባይ ላቭ» ነበር። ዘፈኑ ከእነሱ በፊት ለብዙ ዘፋኞች ቀርቦ «አይሆነንም» ተብሎ የተመለሰ ነው። ወንድማማቾቹ በኋላ ሲያወሩ በዚያ ቀን ሐሳባቸው ያለው ለቀረጻው የሚከፈላቸው 64 ዶላር ላይ እንደነበር ይናገራሉ።

ዘፈኑን የለወጠው ግን የዶን ጊታር ነው። ዶን የሮክ ኤንድ ሮል ጊታሪስቱን የቦ ዲድሊን ምት ይወድ ነበር። የጊታሩን ክሮች ሳይጨበጡ አንድ ሙሉ ኮርድ እንዲሰጡ አድርጎ ቃኛቸው። ከዚያ ከሌላ የራሱ ድርሰት የወሰደውን ጠንካራ መግቢያ አስገባበት። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የሚሰማው ያ የጊታር ምት የናሽቪል ዘፈን አይመስልም። ቃሉና ድምፁ የኬንታኪ ነው፤ ምቱ ሮክ ኤንድ ሮል ነው። ዘፈኑ በአገር ቤት ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ፣ በፖፕ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ወጣ።

ስለ ድምፃቸው ትንሽ ልቆይ፤ ትልቁ ነገር ይሄ ነውና። ሁለት ሰው አብሮ ሲዘፍን አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ዜማውን ይይዛል፣ ሌላው ያጅበዋል። ኤቨርሊዎች ጋ ዶን ታችኛውን፣ ፊል ላይኛውን ይዞ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የፊልን መስመር ብቻውን ብታንጎራጉሩት ራሱን የቻለ ዘፈን ይወጣዋል። አንድ ማይክሮፎን ላይ ተጠጋግተው ይቆማሉ። ትንፋሽ የሚወስዱት እኩል ነው፤ ቃል የሚያስረዝሙት እኩል ነው፤ «አ» እና «ኦ» የሚሉት በአንድ ቤት አነጋገር ነው። ከዚያ ዶን ለብቻው ጥቂት መስመር ይዘፍናል፤ ፊል ተመልሶ ሲገባ ዘፈኑ ይሞላል። ይህን ሌሎች ተለማምደው ሊቀርቡት ሞክረዋል። ወንድማማቾቹ ግን በልጅነት ማለዳ ማለዳ አብረው እየዘፈኑ ያደጉበት ስለሆነ ማሰብ እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዘፈን በዘፈን ላይ ተከታተለ። «ዌክ አፕ ሊትል ሱዚ» በ1957 አንደኛ ወጣ። ሲኒማ ቤት እንቅልፍ ስለወሰዳቸው ወጣት ጥንዶች የሚያወራ ዘፈን ነው፤ ቦስተን ውስጥ ነውር ነው ተብሎ ከሬዲዮ ታግዷል። ዛሬ ለሚሰማው ሰው ነውሩ የቱ ጋ እንዳለ ማግኘት ይከብደዋል። በ1958 «ኦል አይ ሃቭ ቱ ዱ ኢዝ ድሪም» ወጣ፤ መግቢያው ላይ የሚንቀጠቀጠው ጊታር የቼት አትኪንስ ነው። በ1960 ወደ ዋርነር ብራዘርስ ተዛወሩ። ውሉ የአሥር ዓመትና የአንድ ሚሊዮን ዶላር እንደነበር ይነገራል። እዚያ ያወጡት የመጀመሪያ ዘፈን «ካቲስ ክላውን» በአሜሪካ አምስት ሳምንት፣ በእንግሊዝ ሰባት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

የቁልቁለቱ መንገድ የጀመረው ከዚህ ከፍታ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ «ቢትልስ መጥተው አጠፏቸው» ሲባል እሰማለሁ። ዓመቶቹን አስተያዩና ነገሩ አይገጥምም። ቢትልስ አሜሪካ የደረሱት በ1964 ነው፤ ኤቨርሊዎች በአሜሪካ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ዘፈኖች ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የገቡት በ1962 ነው። እኔ ጥፋቱን የማየው የዘፈን አሳታሚ ውሉ ላይ ነው። በ1961 «ቴምፕቴሽን» የተባለ የቆየ ዘፈን ሊያወጡ ሲሉ ሮዝ ተቃወመ። ዘፈኑ የእሱ ድርጅት አልነበረም፤ ስለዚህ ጥቅም አያገኝበትም። ወንድማማቾቹ ግን አወጡት፤ በእንግሊዝም አንደኛ ሆነ። ከሮዝ ጋር የነበራቸው ነገር ግን አበቃለት። የብራያንት ባልና ሚስት በአከፍ-ሮዝ ሥር ስለነበሩ አዲስ ዘፈናቸው ወደ ኤቨርሊዎች መምጣቱን አቆመ። ይባስ ብሎ ዶንና ፊል ራሳቸው በዚያው ድርጅት የታሰሩ ደራሲዎች ነበሩ። የገዛ ድርሰታቸውን መቅረጽ አልቻሉም። ጉዳዩ እስኪፈታ ድረስ ሦስት ዓመት ገደማ፣ በወጣትነታቸው ወርቃማ ጊዜ፣ የሰው ዘፈን እየለቀሙ ቆዩ።

በዚህ ላይ ሌላ ተደራረበ። በ1961 መጨረሻ ወደ ባሕር ወለድ ጦር ተጠባባቂ ገብተው ስድስት ወር አገለገሉ፤ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ ከነወታደር ልብሳቸው ዘፍነዋል። በዚያው ሰሞን ሐኪም የሰጣቸው የሚያነቃቃ መድኃኒት ሱስ ሆነባቸው። በተለይ ዶን በጣም ተጎዳ። በ1962 ለንደን ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀና ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ የቀረውን ጉዞ ፊል ብቻውን ጨረሰው።

ያም ሆኖ ሥራቸውን አላቆሙም። በ1965 «ዘ ፕራይስ ኦቭ ላቭ» በእንግሊዝ ሁለተኛ ደርሷል። በ1968 የወጣው «ሩትስ» የተባለው አልበም ዛሬ ከምርጥ ሥራዎቻቸው ይቆጠራል፤ የልጅነታቸው የቤተሰብ ሬዲዮ ቅጂም ውስጡ ገብቷል። በወጣበት ጊዜ ግን ብዙም አልተሸጠም።

ሐምሌ 1973 ካሊፎርኒያ፣ ኖትስ ቤሪ ፋርም በተባለ መዝናኛ ስፍራ ሲዘፍኑ ዶን ሰክሮ ነበር። ፊል ጊታሩን መሬት ላይ ከስክሶ መድረኩን ጥሎ ወጣ። ዶን ብቻውን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ተራርቀው ኖሩ፤ በ1975 ያረፈው የአባታቸው ቀብር ላይ ግን ተገናኝተዋል። ሁለቱም ለየብቻ አልበም አውጥተዋል። መጥፎ ሥራ አይደለም፤ ግን ሰው አብረው የሚያወጡትን ድምፅ ስለለመደ አንዱን ሲሰማ ሌላውን ይፈልጋል። ይህ ለሁለቱም ከባድ ሸክም የነበረ ይመስለኛል። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንዳቸው ያለ ሌላው ምን እንደሆኑ የሚያውቁበት ዕድል አላገኙም።

መስከረም 1983 በለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ታርቀው መድረክ ላይ ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ለወጣው አልበማቸው የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ዘፈን ደርሶላቸዋል። በ1986 የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙዚቀኞችን ሲመርጥ ከተመራጮቹ መካከል ነበሩ። በ2001 ደግሞ የአገር ቤት ሙዚቃው የዝና አዳራሽ መዘገባቸው። ሳይመንና ጋርፈንክል፣ በልጅነታቸው ኤቨርሊዎችን እየሰሙ ያደጉት ሌሎቹ ሁለት ዘፋኞች፣ በ2003 ዳግም ለጉዞ ሲወጡ በእንግድነት ጋብዘዋቸዋል።

ፊል በጥር 2014 በሳንባ በሽታ አረፈ። ከዚያ ስለ «ካቲስ ክላውን» የደራሲነት መብት ዶንና የፊል ቤተሰቦች ፍርድ ቤት ቆሙ። ዘፈኑ ሲወጣ የሁለቱም ስም ነበረበት፤ በ1980 ግን ፊል መብቱን ለዶን ለቆ ፈርሞ ነበር። ፍርድ ቤቱ ለዶን ወሰነ። ዶን በነሐሴ 2021 ናሽቪል ውስጥ በ84 ዓመቱ አረፈ።

ለመስማት ለሚፈልግ ሰው ምክሬ ከታወቁት ዘፈኖች ይልቅ በ1958 ከወጣው «ሶንግስ አወር ዳዲ ቶት አስ» እንዲጀምር ነው። አባታቸው ያስተማሯቸውን የድሮ ዘፈኖች ሰብስበው የሠሩት አልበም ነው። ከበሮ የለበትም። ጊታርና ባስ ብቻ ስላጀቧቸው ማን ላይ፣ ማን ታች እንደሆነ በደንብ ይለያል። አንድ ጊዜ ዶንን ብቻ ተከተሉ፤ በሚቀጥለው ፊልን።