ምች ነው? ዘር ነው? ስለ ኤ20 የሚባለውና እውነታው

ባለፈው አዘዞ ቡና ስንጠጣ ወሬው ስለ አንድ ልጅ ሆነ። አፉ ይቆስላል፣ ይድናል፣ ደግሞ ይመለስበታል። ትኩሳትም አለው። ሁሉም የየራሱን ተናገረ። ልጁ ምን እንዳለበት እኔ አላውቅም። የተባለው ግን አንድ ጂን አስታወሰኝ፤ ቲኤንኤፍኤአይፒ3 ይባላል። የሚሠራው ፕሮቲን በአጭሩ ኤ20 ነው።

«ምች ነው፣ ዳማከሴ እሹት።»
ዳማከሴን አልንቅም፤ ታሽቼበት ነው ያደግኩት። አልፎ አልፎ የሚወጣ የአፍ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ከልጅነት ጀምሮ እየተመላለሰ፣ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የብልት ቁስል ከጨመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሚጠረጠሩት አንዱ በ2016 እ.ኤ.አ. የታወቀው የኤ20 እጥረት ነው። ብርቅ በሽታ ነው፤ አፉ የቆሰለ ሁሉ አለበት ማለት አይደለም።

«ኢሚዩኒቲው ደክሟል፣ ማርና ነጭ ሽንኩርት ስጡት።»
እዚህ ላይ ነው ዋናው ስህተት። የእነዚህ ልጆች ችግር የመከላከያቸው አለመነሣት ሳይሆን ከተነሣ በኋላ አለመብረዱ ነው። ቲኤንኤፍ የሚባለው መልእክት ሴሉ ጋ ሲደርስ፣ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ላይ ዩቢኪቲን የተባለ ምልክት ይለጠፋል። «ተነሡ!» እንደማለት ነው። ከዚያ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለ ፕሮቲን ጂኖቹ ወዳሉበት የሴሉ እምብርት (ኒውክለስ) ገብቶ የብግነት፣ ማለትም የመቅላት፣ የማበጥና የማቃጠል ጂኖችን ይቀሰቅሳል። የሚገርመው፣ ከሚቀሰቅሳቸው አንዱ ራሱ የኤ20 ጂን ነው። ኤ20 ይመጣና ምልክቱን እየነቀለ ጥሪውን ያለዝበዋል። ጀበና ገንፍሎ የራሱን ፍም ሲያበርድ አይታችሁ የለ? ልክ እንደዚያ። ኤ20 ጨርሶ እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ከተወለዱ ብዙም ሳይቆዩ በብግነት ይሞታሉ።

«ትኩሳት ካለ ጀርም አለ።»
ብግነት ያለ ጀርምም ትኩሳት ያመጣል። እንዲህ ላለው አንቲባዮቲክ አይረዳም።

«ያ ጂን ያለበት ሰው...»
ጂኑ ሁላችንም አለን! 6ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት። በሽታው የሚመጣው ከሁለቱ አንዱ ሲበላሽ ነው፤ የቀረው ብቻውን አይበቃም።

«በእናቱ በኩል ነው የመጣው።»
ምነው ሁልጊዜ እናት? የተበላሸው ቅጂ ከአባትም ከእናትም እኩል ይተላለፋል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ከሁለቱም ሳይመጣ ልጁ ላይ አዲስ የሚፈጠርበት ጊዜም አለ።

«እንግዲህ መድኃኒት የለውም።»
ጂኑን የሚጠግን በእጃችን የለም። ብግነቱን የሚያበርድ ግን አለ። ለሪህ የሚታዘዘው ኮልቺሲን፣ ስቴሮይድ፣ ከበድ ሲል ደግሞ ቲኤንኤፍን ወይም ሌላውን የብግነት መልእክት ኢንተርሉኪን 1ን የሚያግዱ መርፌዎች ይሰጣሉ። የሚመርጠው ሐኪሙ ነው። ለልጁ እናት ያልኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቁስሉ ሲወጣ በስልክ አንሺው፣ ቀኑንና ትኩሳቱን ደብተር ላይ ጻፊ። ሐኪም ዘንድ በደረሱበት ቀን አፉ ድኖ ሊሆን ይችላላ።