ቤልሃውዚንግን ከሞተር ብሎክ ጋር መሐል ማስያዝ ምንድን ነው?

በሞተርና በካምቢዮ መካከል ሆኖ ቮላኖውንና (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) ፍሪሲዮኑን የሚሸፍነው፣ የደወል ቅርጽ ያለው ቤት ቤልሃውዚንግ ይባላል። ዋና ሥራው ግን የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ከሞተሩ ዋና ዘንግ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር በአንድ መስመር እንዲዞር ማድረግ ነው። የዘንጉ ጫፍ ክራንክ ሻፍቱ ጀርባ ባለችው ትንሽ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚዞርባት ቀለበት) ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ወገኑ በካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ላይ ያርፋል፤ በመካከሉ ደግሞ የፍሪሲዮን ዲስኩን ይሸከማል። ሁለቱ ኩሽኔታዎች አንድ መሐል ከሌላቸው ዘንጉ በየዙሩ እየተጫነ ለመዞር ይገደዳል።

ብዙዎች ቤቱን መሐል የሚያስይዙት ብሎኖቹ ይመስሏቸዋል። የብሎን ቀዳዳ ግን ከብሎኑ ሰፋ ተደርጎ ስለሚበሳ ብሎን ያጠብቃል እንጂ ቦታ አይወስንም፤ ቦታውን የሚወስኑት በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) ጀርባ የተተከሉት ሁለት ፒኖች ናቸው። ሞተር ሲቀየር ፒኖቹ በአሮጌው ብሎክ ላይ ከቀሩ ወይም ከተበሉ ቤቱ ትንሽ ተንሸራቶ ይታሰራል። ከጎንደር በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የሚወርድና የሚወጣ መኪና ማርሽ ደጋግሞ ስለሚቀይር ጉዳቱ ቶሎ ይሰማዋል፦ ማርሽ እምቢ ይላል፣ የፊት ኩሽኔታው ይጮኻል፣ የዲስኩ መሐል ይሰነጠቃል። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ማንም ሳይለካ ኩሽኔታው ብቻ በየጊዜው መቀየሩና ባለቤቱ ለአንድ ጥፋት ደጋግሞ መክፈሉ ነው።

መለኪያው ዳያል ጌጅ፣ ማለትም ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ቀለም፣ ዝገትና የተነሣ ብረት ብሎኩና ቤቱ ከሚገጣጠሙባቸው ሁለት ፊቶች ከተጸዳ በኋላ ቤቱ ያለ ካምቢዮ በብሎኖቹ ይታሰራል፤ ጌጁ በቮላኖው ላይ ተተክሎ ጫፉ የካምቢዮው አንገት የሚገባበትን ክብ ቀዳዳ እንዲነካ ይደረግና ክራንክ ሻፍቱ በእጅ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። በከፍተኛውና በዝቅተኛው ንባብ መካከል ያለው ልዩነት ከትክክለኛው የመሐል ስህተት እጥፍ ነው፤ ጌጁ 0.50 ሚሊሜትር ካሳየ ቤቱ የተዛወረው 0.25 ነው። አምራቹ ሌላ ካላዘዘ በስፋት የሚሠራበት ወሰን 0.25 ሚሊሜትር ንባብ፣ ማለትም 0.13 ያህል መዛወር ነው። ካምቢዮው የሚያርፍበት ፊት ዘንበል ማለቱም በዚሁ ጌጅ ይለካል፤ ያን ጊዜ ግን ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለው ጨዋታ ንባቡን እንዳያበላሽ ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ መያዝ አለበት።

የመሐል ስህተት የሚታረመው ግማሽ አካላቸው ከመሐል በወጣ ፒኖች ነው፤ ተዘጋጅተው የሚሸጡት 0.18፣ 0.36 እና 0.53 ሚሊሜትር የሚያዛውሩ ናቸው፣ ካልተገኙም ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ ሊሠራቸው ይችላል። ካምቢዮው የሚያርፍበት ፊት መዘንበል በብሎኩና በቤቱ መካከል በሚገባ ስስ ብረት ይስተካከላል። የፒን ቀዳዳን በሞረድ ማስፋት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከዚያ በኋላ ቤቱን የሚይዝ ቋሚ ቦታ አይኖርም። ፒኖቹ ከተቀየሩ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ጠብቀው መለካት ያስፈልጋል፤ ካምቢዮውም በእጅ እየተገፋ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት እንጂ በብሎን እየተሳበ መግባት የለበትም።