የሕዝብ አርኪዮሎጂ ሙያና ሥልጠና በፍሎሪዳ

የሕዝብ አርኪዮሎጂ ከመሬት በታች ስላለ ቅርስ የታወቀውን ነገር ለአካባቢው ነዋሪ የማድረስና ነዋሪውን በጥበቃው የማሳተፍ ሥራ ነው። በአሜሪካ ይህን ሥራ በየአካባቢው ቋሚ ባለሙያ መድበው ከሚያካሂዱ ተቋማት መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሳው የፍሎሪዳ የሕዝብ አርኪዮሎጂ መረብ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መረቡ በ2004 የግዛቲቱ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ተቋቁሞ በማግስቱ ዓመት ሥራ ጀመረ። ዋና ማዕከሉ ፔንሳኮላ ከተማ ሲሆን የሚያስተዳድረው የዌስት ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሐሳቡን ያመነጩት ጁዲት ቤንስ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ትምህርትን ያቋቋሙ ሲሆኑ፣ ኋላም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ሕጉ እስከ 8 የሚደርሱ የአካባቢ ማዕከላት እንዲኖሩ ይፈቅዳል። አንዳንዶቹ ማዕከላት እንደ ሴይንት ኦገስቲኑ ፍላግለር ኮሌጅና እንደ ታምፓው የሳውዝ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ባሉ የትምህርት ተቋማት ጥላ ሥር የተደራጁ ናቸው። የሥራ ድርሻቸው ሕዝቡን ማስተማር፣ የከተማና የካውንቲ (በግዛት ሥር ያለ ወረዳ መሰል አካባቢ) አስተዳደሮችን ማማከር እና የግዛቲቱን የታሪክ ቅርስ መሥሪያ ቤት መርዳት ነው። ቁፋሮ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ቢያውቅ ይበጀዋል፤ አፈር እየፋቀ መዋል የሚወድ ሰው እዚህ ይሰለቻል።

ፍሎሪዳ እንዲህ ያለ ተቋም ያስፈለጋት በመሬት ሕጓ ምክንያት ነው። በአገራችን በ2000 በወጣው የቅርስ አዋጅ መሠረት ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በአሜሪካ ግን በግል ይዞታ ውስጥ የተቀበረ ዕቃ የባለመሬቱ ነው። ፍሎሪዳ ፈቃድ የምትጠይቀው በግዛቲቱ መሬትና በወንዞቿ ወለል ላይ ለሚደረግ ፍለጋ ሲሆን፣ ጠላቂዎች ከወንዝ ያገኙትን የድንጋይ መሣሪያ እያስመዘገቡ እንዲወስዱ ይፈቅድ የነበረው አሠራርም በ2005 ቀርቷል። ከዚህ ውጭ የሆነው የሰው አጽም ነው፤ አጽም በግል መሬት ላይ ቢገኝም ሥራ ቆሞ ለባለሥልጣን መነገር አለበት። እንግዲህ ሕጉ በማይደርስበት ሰፊ መሬት ላይ የቀረው መንገድ ባለመሬቱንና የግንባታ ተቋራጩን ማሳመን ነው። የሕዝብ አርኪዮሎጂስት የሚቀጠረውም ለዚሁ ነው።

የሥራው ባሕርይ ከመቃብር ቦታዎች ሥልጠና በላይ በደንብ የሚታይበት የለም። ባለሙያዎቹ የቤተ ክርስቲያን አባላትን፣ የቀብር ቦታ ተንከባካቢዎችንና የከተማ ሠራተኞችን ሰብስበው የቆየ የመቃብር ድንጋይ እንዴት እንደሚጸዳ በተግባር ያሳያሉ። የሚፈቀደው ንጹሕ ውኃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ለድንጋይ የተዘጋጀ ፈሳሽ ነው። በረኪናና የሽቦ ብሩሽ ክልክል ናቸው፤ ምክንያቱም በረኪና ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ጨው ይተዋል፣ ጨውም ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ከጽዳቱ ቀጥሎ ቦታውን በግዛቲቱ የቅርስ መዝገብ ማስመዝገብ ይመጣል። ያልተመዘገበ መካነ መቃብር ምን እንደሚደርስበት ታምፓ ውስጥ ታይቷል። በ1901 የተቋቋመው የጥቁሮች የጽዮን መካነ መቃብር ከካርታ ጠፍቶ ቤቶች ተሠርተውበት ኖሮ፣ በ2019 በጋዜጠኞች ምርመራ ተነቃበትና የምድር ውስጥ ራዳር ሲታይ ሣጥኖቹ ከነዋሪዎች ቤት ሥር ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ግዛቲቱ የተረሱ የጥቁር አሜሪካውያን መካነ መቃብሮችን የሚያጣራ ግብረ ኃይል አቋቁማለች። በእንዲህ ያለ ጉዳይ መሃል የሚገባ ባለሙያ የራዳሩን ምስል ማንበብ ብቻ አይበቃውም፤ አያቱ የት እንደተቀበረች ከማያውቅ ቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር መቻል አለበት። ይህን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ እምብዛም አይገኝም።

ሌላው ትልቅ ሥራ በ2016 የተጀመረው የቅርስ ተከታታዮች መርሐ ግብር ነው። በጎ ፈቃደኞች አጭር ሥልጠና ወስደው ወደ ባሕር ዳርቻ ሥፍራዎች ይሄዳሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ የተሸረሸረውን በቅጽ ይሞላሉ። አሠራሩ የተቀዳው ስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ቅርሶቿን በሕዝብ ተሳትፎ ከምትከታተልበት ነው። በዚያው ዓመት ማቲው፣ በተከታዩ ደግሞ ኢርማ የተባሉት ማዕበሎች ስለመጡ ሥራው ገና ከጅምሩ ተፈትኗል። በ2017 የወጣ ጥናት የባሕሩ ከፍታ በ1 ሜትር ቢጨምር በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ከ13,000 በላይ የተመዘገቡ ሥፍራዎች በውኃ እንደሚዋጡ አስልቷል። ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ደመወዝተኛ ስለሌለ በጎ ፈቃደኞቹ የግድ ናቸው። ሌባ እንዳይደርስባቸው ግን የሥፍራዎቹ ትክክለኛ አድራሻ ለሕዝብ ይፋ አይደረግም።

ሥልጠናውን በተመለከተ፣ በአሜሪካ አርኪዮሎጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በአንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍል ሥር ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪው ጋር አንድ ክረምት የመስክ ትምህርት መውሰድ የቀጣሪዎች ሁሉ መነሻ ጥያቄ ነው። ተማሪው ለዚህ ከመከፈል ይልቅ ራሱ ይከፍላል፤ የክረምት ሥራ ትቶ መክፈል የማይችለውን ወጣት ሙያው ገና በሩ ላይ የሚያጣው በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። የዌስት ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1559 ትሪስታን ደ ሉና ባሰፈራቸው ስፔናውያን መንደርና በዚያው ዓመት ማዕበል ባሰጠማቸው መርከቦች ላይ፣ በየብስም በውኃ ውስጥም ሲለማመዱ ቆይተዋል። የአካባቢ ማዕከል ዳይሬክተር ለመሆን በተለምዶ የማስተርስ ዲግሪ ይጠበቃል። በሙያው የባለሙያዎች መዝገብ ስም ለማስፈርም እንዲሁ።

የማስተማሩን ጥበብ ግን ከሌላ ቦታ መቅሰም ያስፈልጋል። የአስጎብኚዎች ብሔራዊ ማኅበር የ32 ሰዓት ኮርስ ሰጥቶ የብቃት ወረቀት ይሰጣል። ለመምህራን የተዘጋጀ የአርኪዮሎጂ ሥርዓተ ትምህርትም አለ። ከእሱ ጋር የሚሄደው አንዱ የፍሎሪዳ መጽሐፍ ልጆች በጃክሰንቪሉ የኪንግስሊ እርሻ ላይ ባሪያዎች የኖሩበትን፣ ኦይስተር ከተባለ የባሕር እንስሳ ዛጎልና ከኖራ የተሠራ ጎጆ እንዲመረምሩ ያደርጋል። የዚያ እርሻ ባለቤት ሚስት አንታ ማጂጊን ንጃይ ከሴኔጋል በባርነት ተወስዳ ኋላ ነጻ የወጣች፣ ራሷም ባሪያዎች የነበሯት ሴት ነች። ለ10 ዓመት ልጅ ይህን ታሪክ ሳይዋሹና ሳያስፈሩ ማስረዳት የቱንም ያህል ቁፋሮ ቢቆፍሩ የሚገኝ ችሎታ አይደለም።

የሥራ ቦታው ጥቂት ነው። በአሜሪካ አብዛኛው የአርኪዮሎጂ ሥራ ያለው በ1966 የወጣው የታሪክ ቅርስ ጥበቃ ሕግ በፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ከሚሠራ ግንባታ በፊት የቅርስ ጥናት ስለሚያስገድድ በሚቀጠሩ የግል ድርጅቶች ውስጥ ነው። የመረቡ በጀት ደግሞ ከግዛቲቱ ምክር ቤት ስለሚመጣ ከዓመታዊ ድርድር አያመልጥም። ከዚያ የወጡ ሰዎች የሚገኙት በፓርኮች፣ በሙዚየሞች፣ በካውንቲ የቅርስ ቢሮዎችና በዩኒቨርሲቲዎች ነው። ለጀማሪ የቀለለው መግቢያ ቋሚ ቅጥር ሳይሆን የተማሪ ረዳትነት፣ ልምምድ ወይም የበጎ ፈቃድ ሥራ ሲሆን፣ የግዛቲቱ የአርኪዮሎጂ ወር ተብሎ በየዓመቱ የሚከበረው መጋቢት ዝግጅት የሚበዛበትና ተጨማሪ እጅ የሚፈለግበት ጊዜ ነው።