ኮምፓራቲቭ አድቫንቴጅ ምንድን ነው? በሁሉም ነገር የሚበለጥ አገር ምን ይሸጣል?

የነፃ ንግድ ነገር በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፣ ሌላው አገር ሁሉንም ነገር ከኛ በተሻለ የሚያመርት ከሆነ እኛ ምን ልንሸጥለት ነው? ተገቢ ጥያቄ ነው። ኮምፓራቲቭ አድቫንቴጅ (አንጻራዊ ብልጫ) የሚባለው ሃሳብ የመጣው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው፣ መልሱ ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው በጣም ይለያል፣ እንዲያውም ሃሳቡን እናውቀዋለን የሚሉ ሰዎች ራሳቸው ብዙ ጊዜ አዛብተው ነው የሚያስረዱት።

ከኢኮኖሚስቱ አዳም ስሚዝ እንጀምር (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስሚዝ በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ ያለው ቀላል ነው። ስኮትላንድ ውስጥም ቢሆን በመስታወት ቤት ወይን አብቅሎ ጥሩ ወይን ጠጅ መጥመቅ ይቻላል፣ ግን ከውጭ ከሚገዛው ወደ 30 እጥፍ ወጪ ያስወጣል፣ ስለዚህ መግዛቱ ይሻላል ነው የሚለው። ይሄን ማንም ይረዳዋል። ያልተመለሰው ነገር በምንም የማይበልጥ አገር ሲኖርስ የሚለው ነው። እዚህ ጋ ነው ዴቪድ ሪካርዶ የሚመጣው።

ሪካርዶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አይደለም። በ1772 ለንደን ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ በ14 ዓመቱ ከአባቱ ጋር የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ውስጥ ገባ፣ በ21 ዓመቱ ከሌላ እምነት ሴት ሲያገባ ቤተሰቡ ስለተለየው ከዜሮ ጀመረ፣ ሆኖም ገበያው ውስጥ ትልቅ ሀብታም ሆነ። የስሚዝን መጽሐፍ ያገኘው በ1799 ባዝ ከተማ ሄዶ ሳለ ነው፣ ከዛ በኋላ ኢኮኖሚክስ አልለቀቀውም።

ያኔ እንግሊዝን የሚያናውጠው የእህል ጉዳይ ነበር። የናፖሊዮን ጦርነት ሲያልቅ ባለርስቶቹ ርካሽ የውጭ እህል እንዳይገባባቸው ስለፈሩ ፓርላማው በ1815 የአገር ውስጥ ስንዴ በኳርተር (የእህል መስፈሪያ ነው) 80 ሺሊንግ እስኪደርስ ድረስ የውጭ ስንዴ አይሸጥም ብሎ ህግ አወጣ፣ ለንደን ላይ ረብሻ ተነስቶ ወታደር ፓርላማውን እስከመጠበቅ ደረሰ። ዳቦ በውድ የሚገዛው ሠራተኛው ነው፣ ኪራይ የሚያድግለት ደግሞ ባለመሬቱ። ሪካርዶ ህጉን አጥብቆ ተቃወመ፣ ልብ በሉ በ1814 ጋትኮም ፓርክ የሚባል ርስት ገዝቶ እሱ ራሱ ባለመሬት ሆኗል፣ ማለትም የሚከራከረው የራሱን ጥቅም በሚነካ ጉዳይ ላይ ነው። እኔ ይሄን ሰው የማከብረው አንዱ በዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሪካርዶ አራት ቁጥሮች ብቻ ይዞ ይመጣል። እንግሊዝ የተወሰነ መጠን ጨርቅ ለመሥራት የ100 ሰው የዓመት ሥራ ያስፈልጋታል፣ ወይን ጠጅ ለመሥራት ደግሞ የ120 ሰው። ፖርቱጋል ያንኑ ጨርቅ በ90 ሰው፣ ወይኑን በ80 ሰው ትሠራለች። አስተውሉ፣ ፖርቱጋል በሁለቱም ትበልጣለች! በተለመደው አስተሳሰብ ከሄድን ፖርቱጋል ከእንግሊዝ ምንም መግዛት የለባትም።

ግን ሂሳቡን ሥሩት። ፖርቱጋል ወይን ላይ ብቻ ብታተኩርና አንዱን ድርሻ ወይን በአንድ ድርሻ ጨርቅ ብትለውጥ፣ በራሷ 90 ሰው ይፈጅባት የነበረውን ጨርቅ በ80 ሰው ሥራ አገኘችው ማለት ነው፣ 10 ሰው ተረፋት። እንግሊዝም 120 ሰው የሚፈጅባትን ወይን በ100 ሰው ሥራ አገኘችው፣ 20 ሰው ተረፋት። በፊት ሁለቱ አገሮች ተደምሮ 390 ሰው ያሠራ የነበረው ያው ጨርቅና ያው ወይን አሁን በ360 ሰው አለቀ። ማንም አዲስ ማሽን አልፈጠረም፣ ማንም ከበፊቱ የበለጠ አልለፋም፣ የተለወጠው ማን ምን ይሥራ የሚለው ብቻ ነው።

ለምን ሆነ? ወሳኙ ነገር ከጎረቤትህ መብለጥህ አይደለም፣ አንዱን ስትሠራ ሌላ ምን ሳትሠራ ይቀርብሃል ነው። እንግሊዝ አንድ ድርሻ ወይን ስትሠራ 1.2 ድርሻ ጨርቅ ሳትሠራ ይቀርባታል፣ ፖርቱጋል ግን 0.9 እንኳን የማይሞላ። አንድ ምግብ ቤት ያላት ጎበዝ ወጥ ሠሪ ሽንኩርት መክተፉንም ከረዳቷ ትፈጥን ይሆናል፣ ግን እሷ ሽንኩርት ላይ ከቆመች ወጡ ማን ሊሠራው ነው፣ ረዳቷም በምንም ባትበልጣትም ሥራ አላት። ስለዚህ "በጣም የምትችለውን ሥራ" ብለው የሚያስረዱ ሰዎች የስሚዝን እንጂ የሪካርዶን አይደለም የሚናገሩት። የሪካርዶው በሁሉም የሚበለጠውም ቦታ አለው ነው የሚለው፣ ለደሃ አገር ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያጽናና የኢኮኖሚክስ ሃሳብ አላውቅም።

ሪካርዶ በ1823 ሲሞት የእህሉ ህግ ገና አልተነሳም ነበር። በ1838 ማንችስተር ላይ ፀረ እህል ህግ ማህበር ተቋቁሞ ሪቻርድ ኮብደንና ጆን ብራይት አገሩን እየዞሩ ቀሰቀሱ፣ ከዛ በ1845 የአየርላንድ ድንች በበሽታ ተመታ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል በ1846 የገዛ ፓርቲውን ለሁለት ከፍሎ ህጉን አሻረ፣ ሥልጣኑንም ወዲያው ለቀቀ።

እሺ፣ ግን ሃሳቡ ሁሉንም ነገር ይፈታል ወይ? አይፈታም። አንደኛ፣ ሂሳቡ አገር በጥቅሉ ያተርፋል ይላል እንጂ አገር ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሰው ያተርፋል አይልም፣ ሥራውን ያጣው የፖርቱጋል ሸማኔ ነገ ወይን ጠማቂ ይሆናል ብሎ ማሰብ በወረቀት ላይ ነው የሚቀለው። ሁለተኛ፣ ሪካርዶ ራሱ ካፒታል ድንበር ተሻግሮ እንደልቡ እንደማይሄድ አድርጎ ነው የጻፈው፣ ባለገንዘብ አገሩን ትቶ ለመሄድ የሚያመነታው ነገር ቢላላ እንደሚያዝንም ተናግሯል፣ ዛሬ ግን ገንዘብ በደቂቃ ነው የሚሄደው።

ሦስተኛውን ነገር በአማርኛ ጠንከር አድርጎ ያነሳው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። እሱ ከሞተ በኋላ በ1924 በታተመው "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" በሚባለው መጽሐፉ ውስጥ፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ጋር ሲነግድ ያልተማረው ብዙ ደክሞ ጥቂት እንደሚያገኝ፣ እየቆየም ለሌላው ጥገኛ እንደሚሆን ይከራከራል። በኔ እይታ ይሄ የሪካርዶን ሂሳብ አያፈርሰውም፣ ሁለቱም ስለተለያየ ጊዜ ነው የሚያወሩት። ሪካርዶ ዛሬ ባለህ አቅም ምን ብትሸጥ ይሻልሃል ይላል። ገብረ ሕይወት ደግሞ የዛሬው 100ና 120 ከየት መጣ፣ ነገስ በትምህርትና በመሣሪያ እንዴት ይወርዳል ብሎ ይጠይቃል፣ እዛ ላይ አራቱ ቁጥሮች መልስ የላቸውም።