ቪዛው ተመታ ማለት ግሪን ካርድ ተያዘ ማለት አይደለም

የአሜሪካ ኢሚግራንት ቪዛ (ለቋሚ ኑሮ የሚገባበት ቪዛ) ፓስፖርት ላይ ሲመታ ብዙ ሰው «በቃ፣ አለቀ» ይላል። ገና ነው። ቪዛው የሚያደርሳችሁ እስከ መግቢያው በር ነው። ቋሚ ነዋሪ የምትሆኑት ኤርፖርት ወይም ድንበር ላይ ያለው መኮንን ፈትሾ ሲያስገባችሁ ነው።

ጣጣው እዚህ መሃል ላይ ነው። «ያላገባ ልጅ» ተብሎ ቪዛ ያገኘ ሰው ከመግባቱ በፊት ካገባ ቪዛው ዋጋ ያጣል። ሠርጉ ይቆይ! ዋናው አመልካችም ከቤተሰቡ ቀድሞ ወይም አብሮ መግባት አለበት።

ከቪዛው ጋር የታሸገ ፖስታ ከተሰጣችሁ አትክፈቱት፤ የሚከፍተው መኮንኑ ነው። እሱ ማህተም የመታበት ቪዛ፣ ግሪን ካርዱ በፖስታ ቤት በኩል እስኪደርስ፣ ለ1 ዓመት የነዋሪነት ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል።