የሰሜን ሸዋ ከተሞች፦ የመንገድ ዳር ምግብ ቤትና የመኪና ማቆሚያ

በአማራ ክልል የሰሜን ሸዋ ዋና ዋና ከተሞች በአብዛኛው የተደረደሩት በአንድ መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ጫጫን፣ ደብረ ብርሃንን፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን ሰንጥቆ ያልፋል። አገር አቋራጩ መንገድ ለከተሞቹ ዋና ጎዳናም፣ የምግብ ቤት መደዳም፣ የመኪና ማቆሚያም ነው። የጭንቅንቁ ምንጭ ይኸው ነው።

መንገዱ ታሪክ ያለው ነው። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ነበር። ያ ሁሉ መኪና ደብረ ሲና አጠገብ ያለው ጣርማበር ተራራ ሲደርስ ተገትሮ ቀረ። ኢትዮጵያውያን ገደሉ ላይ ያለውን መንገድ አፍርሰው ጠብቀውታል። ወታደሩ ድንጋይ ሲያነሳና መንገድ ሲጠግን ሰነበተ። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። ጣሊያኖች በኋላ ተራራውን በስተው ዛሬም የምንጠቀምበትን ዋሻ ሠሩ። የሰሜን ሸዋ ሰው ይህን ታሪክ በኩራት ቢያወራ አይፈረድበትም።

አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ መንገዱ በመንግሥት እጅ ሲጠገን ኖሯል። በደርግ ዘመን ወደ ሰሜን የሚሄደው የጦር ኮንቮይ ያለፈው በዚሁ ነው።

አሁን ያለው የመቆም ልማድ ከጉዞው ሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። ከአዲስ አበባ ሌሊት የተነሳ አውቶቡስ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን የሚደርሰው ለቁርስ ነው። ከደሴ የመጣው ደግሞ ለምሳ ሸዋ ሮቢት ወይም ደብረ ሲና ይወርዳል። የትኛው ቤት እንደሚቆም የሚወስነው ሹፌሩ ነው። ተሳፋሪ ይዞ ለመጣ ሹፌርና ረዳት በነጻ ማብላት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ስለዚህ ሦስት አራት አውቶቡስ አንድ በር ላይ ግር ይላል፤ ጎን ያለው ቤት ባዶውን ይውላል። አንዳንዶች ይህን ጉቦ ነው ይሉታል። ሌሎች የእንግዳ አቀባበል ነው ይላሉ። ለመንገዱ ግን ልዩነት የለውም፤ መንገዱ ይዘጋል።

ለንጽጽር ያህል፣ በአሜሪካ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ምግብ የሚገዛበት አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተስፋፍቷል። ማክዶናልድስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 በአሪዞና ሴራ ቪስታ ነው። በአቅራቢያው ካምፕ ያሉ ወታደሮች የደንብ ልብስ እንደለበሱ ከመኪና መውረድ ስለማይፈቀድላቸው ነበር። ዛሬ እዚያ ያሉ ብዙ ከተሞች አንድ ነገር ያስገድዳሉ፦ የመኪናው ሰልፍ በምግብ ቤቱ ግቢ ውስጥ እንጂ መንገድ ላይ እንዳይሆን። የሚኒያፖሊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ መስኮት መክፈትን ጭራሽ ከልክላለች። እኛ ጋ በመስኮት የሚሸጠው የደብረ ሲና ቆሎ ነው። ሻጮቹ ወደ መኪናው ይሮጣሉ፤ መኪናውም ለእነሱ ሲል አስፋልቱ ላይ ይቆማል። ገቢው ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ስለዚህ ሻጮቹን ከማባረር ይልቅ ከአስፋልቱ ወጣ ያለ መቆሚያ መስጠት ይሻላል።

ደብረ ሲና ከሁሉም ይከብዳታል። ከተማዋ ገደል ላይ የተንጠለጠለች ናት። ዋሻው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን የወረደ ተሳቢ ወይም ቦቴ ፍሬኑ እንዲበርድለት የሆነ ቦታ መቆም አለበት። ሜዳ ግን የለም። ጉም በሚወርድባቸው ወራት መንገድ ዳር የቆመ መኪና ካልተጠጉት አይታይም።

ደብረ ብርሃን ቦታ አላት። ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቷት ይህች ከተማ በቅርብ ዓመታት በፍጥነት አድጋለች። ዩኒቨርሲቲው፣ የቢራ ፋብሪካዎቹና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛም ጭነትም አምጥተዋል። መሃል ከተማው ላይ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ሚኒባስና ሲኖትራክ አንድ መስመር ይጋራሉ። በበዓል ዋዜማ በግ ይጨመርበታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ያኔ ብዙ ተፈናቃይ የተቀበለችው ደብረ ብርሃን ናት።

ስሌቱ ቀላል ነው። መንገድ ዳር ትይዩ ለሚቆም አንድ የቤት መኪና 6 ሜትር ገደማ ይበቃል። አውቶቡስ 12 ሜትር ነው። ተሳቢ የያዘ የጭነት መኪና 18 ሜትር ይደርሳል፤ የሦስት መኪና ቦታ ይወስዳል ማለት ነው። ደርቦ ከቆመ ደግሞ ሁለት አቅጣጫ የሚያስኬደው አስፋልት አንድ አቅጣጫ ብቻ ይቀረዋል።

በሕጉ በኩል በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲያዘጋጁ ያዛል። ለምግብ ቤት ግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የአውቶቡስ ግቢ፣ የተለየ መግቢያና መውጫ መጠየቅ የሚቻለው በዚህ በኩል ነው። ችግሩ ዋናው አስፋልት በፌዴራል ሥር መሆኑ ነው። የውስጥ መንገዱ የከተማው ነው። የአስፋልቱ ጠርዝ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ጣት መጠቋቆም ይመጣል።

መሃል ከተማ የማቆሚያ ክፍያ የሚሰበስቡት በብዙ ከተሞች የተደራጁ ወጣቶች ናቸው። ደረሰኝ የሚሰጡ አሉ፤ የማይሰጡም እንዳሉ ይነገራል። ክፍያው ጠቃሚ ነው፤ ሱቁ በር ላይ መኪናውን ሲያውል የነበረ ሰው ቦታውን ለገበያተኛ ይለቃል። አውቶቡሶችን ከመሃል ከተማ ማውጣት ግን አከራካሪ ነው። የምግብ ቤት ባለቤቶች ገበያችን ይሞታል ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ግቢ ያለው ምግብ ቤት ከከተማው ጫፍ ላይም ቢሆን አውቶቡስ አያጣም።

የሌሊቱ ማቆሚያ ሌላ ነው። ጭነት የያዙ መኪኖች ሲመሽ ግቢ ያለው ፔንሲዮን ፈልገው ያድራሉ። ለዘበኛው ይከፍላሉ፤ እራትም እዚያው ይበላሉ። ጠዋት ከአውቶቡሶቹ ቀድመው ይወጣሉ።