የቮልቴጅ መውረድ ምንድን ነው?

በሱሉልታ፣ በሰበታ፣ በገላን ወይም በለገጣፎ ዳር ዳር ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች ቅዳሜ ጠዋት ምጣድ የጣደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መብራት አልጠፋም፣ አምፖሉም ፈዝዞ ቢሆን በርቷል፤ ምጣዱ ግን አልግል ይላል። ሊጡ ከተዘረጋ በኋላ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል፣ እንጀራው ሲነሣ ይቀደዳል። ከትራንስፎርመር 220 ቮልት ሆኖ የተነሣው ኃይል በሽቦው ላይ እየተቀነሰ ቤት ሲደርስ 200፣ 180፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ሲሆን የቮልቴጅ መውረድ ይባላል።

ኢትዮጵያ ለሱዳን፣ ለጅቡቲና ለኬንያ ኤሌክትሪክ ትሸጣለች። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ታዲያ ከዋና ከተማዋ ጫፍ ላይ አንድ ምጣድ ማጋል ለምን ያቅታል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ከግድቡ ይልቅ ሰፈር ውስጥ ያለችውን የመጨረሻዋን ሽቦ መመርመር ያስፈልጋል።

ማንኛውም ሽቦ የሚያልፍበትን ከረንት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ በመጠኑ ይቋቋማል። የሚወርደው ቮልቴጅ ከረንቱ በሽቦው ተቋቋሚነት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ሽቦው በረዘመና በቀጠነ ቁጥር፣ ጭነቱም በበዛ ቁጥር ብዙ ይወርዳል። ኃይል ከሩቅ ሲጓጓዝ ቮልቴጁ ከፍ የሚደረገውም ለዚህ ነው። ያንኑ ኃይል በከፍተኛ ቮልቴጅ ለማስተላለፍ ትንሽ ከረንት ይበቃል። ከህዳሴ ግድብ በደዴሳ በኩል ሆለታ የሚደርሰው መስመር 500 ኪሎ ቮልት ነው። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመርም ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው በ500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ከረንት ነው። ከዚያ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ደረጃ በደረጃ ያወርዱትና ሰፈር የሚገባው በአብዛኛው 15 ኪሎ ቮልት ሆኖ ነው። ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ይህንን ወደ 380 እና 220 ቮልት ይለውጠዋል። ያንኑ ኃይል ለማድረስ በ220 ቮልት የሚያስፈልገው ከረንት በ15,000 ቮልት ከሚያስፈልገው 68 እጥፍ ያህል ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ እናስላው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ቤቱ ከትራንስፎርመሩ 300 ሜትር ይርቃል እንበል፤ የተዘረጋውም ባለ 25 (ሲቆረጥ የገጹ ስፋት 25 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ) አሉሚኒየም ሽቦ ነው። ኃይሉን በሚያመጣው ሽቦ (ፌዝ) ሄዶ በመመለሻው ሽቦ (ኒውትራል) ሲመለስ መንገዱ 600 ሜትር ስለሆነ ተቋቋሚነቱ 0.72 ኦም ይደርሳል። አንድ ምጣድ ብቻ ሲጣድ ምጣዱ 209 ቮልት ያገኛል፤ ማንም አያማርርም። በዚያው ጫፍ፣ በዚያው ፌዝ ላይ አራት ጎረቤቶች አብረው ሲጥዱ ግን ቮልቴጁ ወደ 182 ይወርዳል። የምጣድ ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር (ቮልቴጁ በራሱ ሲባዛ ከሚገኘው) ጋር ስለሚሄድ እያንዳንዱ ምጣድ 2,400 ዋት ብቻ ያገኛል፤ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጎደለ ማለት ነው። ወደ 2,000 ዋት የሚጠጋው ደግሞ ሽቦውን ሲያሞቅ ይውላል፤ ይህም ከተላከው ኃይል 17 በመቶ ነው። ሀገር አቋርጦ ኬንያ የሚደርሰው መስመር በመቶኛ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው የሚያባክነው። በዚሁ ቦታ ባለ 95 ሽቦ ቢዘረጋ አራቱም ምጣዶች 208 ቮልት ገደማ ያገኙ ነበር። ከግድቡ አንድም ሜጋዋት ሳይጨመር!

የከተማው ዳር በተለይ የሚጎዳውም ከዚህ የተነሣ ነው። ትራንስፎርመሩ ሲተከል ሃያ ቤት ነበረ፤ አሁን መቶ ሆኗል፤ ሽቦው ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ከምሰሶ ምሰሶ እየተቀጠለ ረዝሟል። አዲስ ቤት ሲገባ ሁሉም በሚቀርበው ፌዝ ላይ ከታሰረ ከመስመሩ ሦስት ፌዞች አንዱ ሲጨነቅ ሁለቱ ባዶ ይቀራሉ። ጭነቱ በሦስቱ ፌዞች እኩል ሲከፈል በኒውትራል የሚመለሰው ከረንት እርስ በርሱ ስለሚጠፋፋ፣ ጭነት ማመጣጠን ብቻውን አዲስ ሽቦ ሳይገዛ የሰፈሩን ቮልቴጅ በደንብ ያነሣል። ከሥራዎቹ ሁሉ ርካሹ ይህ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚታሰብ መሆኑ ያሳዝናል።

ከቆጣሪው በኋላ ያለው ሽቦ ደግሞ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ወደ ማድቤት 60 ሜትር ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ስቦ ምጣድ የሚጥድ ሰው እዚያው 13 ቮልት ያጣል፤ 200 ዋት የሚያህል ሙቀትም በሽቦው ላይ ይቀራል፣ ቆጣሪውም ያንን ይቆጥራል። ባለ 6 ሽቦ ቢሆን የሚያጣው ከ6 ቮልት ያነሰ ነው። ከሁሉ የከፋው የላላ ማሰሪያ ነው። አሉሚኒየምና መዳብ በቀጥታ ተጠምዝዘው ሲታሰሩ ዝናብና እርጥበት መጋጠሚያውን ይበላዋል፤ ይግላል፣ ይላላል፣ እንደገና ይብሳል። ለሁለቱ ብረቶች የተሠራ ማያያዣ ከተገጠመ ይህ አይደርስም።

የት እንደሚወርድ ለማወቅ መልቲሜትር (የቮልቴጅ መለኪያ) እና ልምድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይበቃሉ። መጀመሪያ ምጣዱ ጠፍቶ፣ ከዚያ በርቶ ሳለ ሶኬቱ ላይ ይለካ። በርቶ ሳለ ቆጣሪው አጠገብ ባለው ዋና ብሬከር ላይም ይለካ። ብሬከሩ ላይ 215 ሆኖ ሶኬቱ ላይ 195 ከሆነ ጥፋቱ ግቢ ውስጥ ነው። ሁለቱም ቦታ ዝቅ ካለ ከውጭ ነው። ከውጭ ሆኖ የአንድ ቤት ብቻ ከሆነ ምሰሶው ላይ ያለው ማሰሪያ ይጠረጠራል፤ የመንደሩ ሁሉ ከሆነና ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ብቻ ከሆነ ጭነት ነው። ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ሳለም ዝቅ ካለ ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው የቮልቴጅ ማስተካከያ መታየት አለበት። ይህ ማስተካከያ አብዛኛውን ጊዜ በ2.5 በመቶ እርምጃ የሚለወጥ ሲሆን የሚነካው መስመሩ ተቋርጦ በባለሙያ ብቻ ነው። ከፍ ሲደረግም ትራንስፎርመሩ ሥር ያሉት ቤቶች ሌሊት ከልክ በላይ እንዳያገኙ ማየት ይገባል።

ስታቢላይዘር (የወረደ ቮልቴጅ የሚያስተካክል መሣሪያ) ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን ይረዳል። ለምጣድ ግን አይመከርም፤ ቮልቴጁን ለማንሣት ከመስመሩ ተጨማሪ ከረንት ስለሚስብ የጎረቤትን ይበልጥ ያወርዳል። ምጣድ ራሱ ቮልቴጅ ስለወረደ አይበላሽም፤ ሲጋገር ጊዜ ይፈጃል እንጂ። ጊዜ በረዘመ ቁጥር ምጣዱ ወደ አየር የሚያጣው ሙቀት ስለሚጨምር ለአንድ እንጀራ የሚከፈለው ከፍ ይላል። የሚቃጠለው ሞተር ያለው ነገር ነው። የፍሪጅ ኮምፕሬሰር በ170 ቮልት መነሣት አቅቶት ሲያጉረመርም ትልቅ ከረንት እየሳበ የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ይግላል፤ ያን ጊዜ መንቀል ነው። የወፍጮና የውኃ ፓምፕ ሞተርም እንዲሁ ነው። ቮልቴጁ 15 በመቶ ሲወርድ የማዞር ጉልበታቸው 28 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ከዚህ ሁሉ ለይቶ መያዝ የሚገባው አንድ ምልክት አለ። በአንዱ ቤት መብራት ሲፈዝ በጎረቤቱ ደግሞ ከወትሮው በላይ ሲደምቅ፣ ወይም ምጣድ ሲጣድ አምፖሉ ሲደምቅ ከታየ ኒውትራሉ ላልቷል ወይም ተበጥሷል። ያን ጊዜ ጭነት ያነሰበት ቤት ከ300 ቮልት በላይ ሊደርሰው ይችላል፣ ቻርጀሩም ቴሌቪዥኑም በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። ዋናውን ብሬከር ወዲያው ማጥፋት፣ ለጎረቤትም መጮህ፣ ከዚያ ለመብራት ኃይል መደወል ነው።